መሣሪያው ሲነቀል

ታናሽ እህቴ ከተወለደች ጀምሮ አትሰማም ነበር። የሱዳኑ ጦርነት ሳይጀመር ካርቱም ወስደን ከጆሮዋ ጀርባ፣ ከቆዳዋ ሥር፣ የመስሚያ መሣሪያ በቀዶ ሕክምና አስተከልንላት። የውጭው ክፍል በማግኔት ራሷ ላይ ይለጠፋል፤ እሱ ከተነቀለ ምንም አትሰማም።

ንግግር የምታስተምራት ባለሙያ፣ ልጅቷ አፏን እስክትፈታ ቤት ውስጥ በአንድ ቋንቋ ብቻ እንድናናግራት መከረችን። "በየትኛው ይሁን?" ብላ ጠየቀችኝ። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ ዐረብኛው ስለፈጠነባት አፍ አፌን ታያለች። የምንኖረው ገዳሪፍ ነው፤ ትምህርት ቤቱም ጎረቤቱም ዐረብኛ ነው ብዬ "በዐረብኛ" አልኩ። እናቴን አልጠየቅኋትም። ስንወጣ "ዐረብኛ ብቻ ተብሏል" አልኳት። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ልጇ እኔ ነኝና አመነችኝ።

እናቴ የጎንደር ሰው ናት። ዐረብኛዋ ከገበያ የለቀመችው ነው። እህቴ አፏን ፈትታ እንደ ሰፈሩ ልጆች መንጣጣት ስትጀምር እናቴ ወደ ኋላ ቀረች። ና ለማለት ለወንድ በሚባለው "ተዓል" ስትጠራት ልጅቷ ወገቧን ይዛ "አና ወለድ?" ትላታለች፤ ወንድ ነኝ እንዴ ማለቷ ነው። እንስቃለን። እናቴም ትስቃለች። እየቆየ ግን ለልጅቷ የምትላት ብዪ፣ ጠጪ፣ ተኚ ብቻ ሆነ።

በቀደም ከገበያ ስመለስ እናቴ ግቢ ውስጥ የእህቴን ጠጉር ታጥባለች። መሣሪያው ውሃ እንዳይነካው ተነቅሎ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። እናቴ በአማርኛ ታወራለች።

"የኔ ጌጥ፣ ይሄ ጠጉርሽ ቁርጥ የአክስትሽን። እሷም ሳሙና ስታይ ግቢውን በእሪታ ታቀልጠው ነበር..."

"እማዬ፣ አትሰማሽም እኮ" አልኳት።

ደነገጠች። "አውቃለሁ ልጄ። ሁልጊዜ ሳጥባት የማወራት፣ ስትሰማ ካወራኋት ንግግሯን አበላሽባታለሁ ብዬ ነው።"

ምክሩ አፏን እስክትፈታ ብቻ ነበር። ከፈታች ቆየች፤ ለእናቴ የነገራት ሰው ግን የለም። የእህቴን ራስ አድርቄ መሣሪያውን ለጠፍኩላትና "አሁን ንገሪያት" አልኩ።

"ዐረብኛዋ ቢጠፋባትስ?"

"አይጠፋባትም።"

እናቴ እንደ እንግዳ ሰው እያፈረች "አክስትሽ..." ብላ ጀመረች። እህቴ ትንሽ ሰማቻትና "ሽኑ?" ብላ ወደ እኔ ዞረች፤ ምን አለች ማለቷ ነው።

"በይ አንቺ ንገሪልኝ" አለችኝ እናቴ፣ ሳትቆጣ።

ያን ዕለት የሰማሁትን ተረጎምኩላት። እስከዚያ ድረስ በየእጥበቱ የተነገራትን ግን እኔም አላውቀውም።