ከቅዳሜ በፊት ሞተሩን ማስነሳት

ባሌ ሳያረጅ ነው የሞተው፤ ሞተር ሳይክሉ ግን ከእሱ ቀድሞ አርጅቶ ነበር። የከብት ሐኪም ስለነበር ከሆሳዕና እስከ ዶዮገና ድረስ በሞተሩ ያልገባበት ጭቃ የለም። ጋራዥ ወስዶት አያውቅም። በእረፍት ቀኑ በረንዳ ላይ ይፈታዋል፣ እኔ ካቻቢቴ አቀብላለሁ፣ እሱ እያፏጨ መልሶ ይገጥመዋል። ሁልጊዜ አንድ ብሎን ይተርፈዋል። «ፋብሪካው አብዝቶ ነው» ብሎ ኪሱ ይከተዋል።

ድሮ ቢሆን ለቅሶው ላይ ተሸልሞ በሰው መሀል የሚዞረው የሟች ፈረስ ነበር። እሱ ፈረስ ስላልነበረው ጓደኞቹ ለሞተሩ ጋቢውን አልብሰው፣ መብራቱ ላይ ባርኔጣውን ደፍተው፣ እየገፉ አዞሩት። ቢያየው እንዴት ይስቅ እንደነበር አስቤ ነጠላዬን አፌ ላይ ያዝኩ። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ በረንዳው ጥግ ቆመ።

ከወራት በኋላ የባሌ ወንድም መጣ። ደግ ነው፤ ደግነቱ ግን ይቸኩላል። የቆመ ነገር መዛጉ እንደማይቀር፣ ቅዳሜ ከዱራሜ አንድ ነጋዴ መጥቶ ለመለዋወጫ እንደሚገዛው ነገረኝ። አልሸጥም አልኩት።

«እሺ፣ እስከ ቅዳሜ አስነስተሽ ከነዳሽው ሁለተኛ አላነሳብሽም» አለ። «ካልተነሳ ግን ቆርቆሮ ነው፤ ለቆርቆሮ አታልቅሺ።»

ፎቶውም ልብሱም አለኝ። ማታ ማታ ከመታጠፊያው ጀምሮ የምሰማው የመምጣቱ ድምፅ ግን ያለው እዚያ ብረት ውስጥ ነው። ተበታትኖ ከተሸጠ ድምፁም አብሮ ይሄዳል። መንዳቱን እንደሆነ ባሌ ራሱ ሜዳ ወስዶ አስተምሮኛል።

ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ የቤት ልብሴን ለብሼ ሥራ ጀመርኩ። ያረጀውን ቤንዚን ቀድቼ አዲስ ሞላሁ። እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈትቼ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት። ካርቡሬተሩን አወረድኩና ቀዳዳዎቹን በቀጭን ሽቦ ጠረግኩ፤ ስገጥመው አንድ ብሎን ተረፈኝ፤ ትክክለኛው መንገድ ላይ መሆኔን ያወቅኩት ያኔ ነው። አማቴ፣ የባሌ እናት፣ ድሮም አሁንም ከእኔ ጋር ነው የሚኖሩት። ዱካ ላይ ተቀምጠው ጎመን እየቀነጠሱ ያዩኛል። እንደ ወትሮው አያሾፉብኝም ነበር።

መርገጫውን ረገጥኩ። አንዴ ሳል አድርጎ ጸጥ አለ። ካንዴላውን በአዲስ ቀየርኩት፤ አሁንም ሳል፣ ጸጥታ። አርብ ከሰዓትም መርገጤን አልተውኩም። ጎረቤቴ በአጥር ላይ ብቅ ብላ፣ ሞተሩን ከምረግጥ ነጋዴውን ብረግጠው እንደሚሻል መከረችኝ።

ባሌ ግራ ሲገባው መዳፉን ከጭስ ማውጫው አፍ ላይ ያደርግ ነበር። ትንፋሽ አለው ወይ ለማለት ነው። እኔም በአንድ እጄ መሪውን ይዤ እየረገጥኩ ሌላውን ወደ ኋላ ዘረጋሁ። ምንም ነፋስ የለም። ጎንበስ ብዬ ካቻቢቴውን ወደ ጭስ ማውጫው ውስጥ ስሰድ ለስላሳ ነገር ወጋሁ። ሳብኩት። ቃጫ ነው፤ ከእንሰት የተፋቀ፣ ጫፉን ብቻ ጥላሸት የነካው ነጭ ቃጫ። ብስበው ብስበው አያልቅም። ለገመድ የሚሆን ነበር።

ቀና ስል አማቴ ጎመኑን አስቀምጠዋል።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ከተነሳ እየነዱ ይወስዱታል ብዬ ደፈንኩት። ካልተነሳ ማን ይወስደዋል? እዚሁ ይቀራል።»

«እማማ፣ ካልተነሳ እኮ ነው የሚወስዱት።»

 ከዚያ ቃጫውን ከእጄ ተቀብለው፣ ጥላሸቱን አራግፈው፣ «በይ እርገጪ» አሉኝ።

ረገጥኩ። ጥቁር ጭስ ተፋና ተነሳ። ያው ድምፅ ነው፤ እንደ ድሮው አንድ ምት እየዘለለ። አማቴ ተነስተው ወደ በሩ ሄዱና መዝጊያውን ከፈቱ። ሁልጊዜ እሱ ሲመጣ የሚከፍቱለት እሳቸው ነበሩ። መንገዱን ትንሽ አይተው ተመለሱ። እኔም ነዳጅ አሰጣጡን የምሞክር መስዬ ድምፁን ከፍ አደረግኩ፤ በጩኸቱ ተሸፍነን ሁለታችንም እንደልባችን አለቀስን።

ቅዳሜ ነጋዴው ከባሌ ወንድም ጋር ሲመጣ ሞተሩ እኔን እንደጫነ በር ላይ እየሠራ ነበር። ነጋዴው ጆሮውን ሰጥቶ ሰማና ይሄ ለመለዋወጫ አይፈታም፣ እንዳለ እገዛዋለሁ አለ። የባሌ ወንድም ወደ እኔ አየ። እኔ መልስ ከመስጠቴ በፊት አማቴ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ወደ ጎን ዞረው ከኋላዬ ተቀመጡ።

«ገበያ ይዘጋብናል» አሉት ልጃቸውን። «ዞር በል፣ እንለፍ።»

ዞር አለ። እስከ ገበያው ድረስ በአንደኛ ማርሽ ነዳሁ፤ ከፊታችን የገባውን ባጃጅ ሁሉ አማቴ በሐዲይኛ እየተቆጡ።