የእትዬ በጭራሽ ሰሌዳ

እትዬ በጭራሽ የሚለውን ስም ያወጡላት ተማሪዎቿ ናቸው። ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች እንጂ በሆዷ ደስ ይላታል። የቤት ሠራተኞችን ወደ ውጭ አገር በሚልክ ኤጀንሲ ውስጥ፣ ከፎቶ ኮፒው ማሽን ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል፣ እንግሊዝኛ ታስተምራለች። የኤጀንሲው ባለቤት እንድታስተምር ያዘዛት «የስ ማዳም» እና «ሶሪ ማዳም» የሚለውን ነው። ኧረ ወዲያ! ለዚህማ አስተማሪ ምን ያደርጋል? በቀቀን ይበቃው ነበር።

እሷ እንደሆነች «የስ» ምን እንደሚያመጣ አሳምራ ታውቃለች። በወጣትነቷ ባሕር ተሻግራ ሰው ቤት ስትሠራ፣ አፏ ላይ የነበረው እንግሊዝኛ ያው እሱ ብቻ ነበር። ፓስፖርትሽን አምጪ ሲሏት የስ፣ ስልክሽን አምጪ ሲሏት የስ። ሁለት ዓመት ሙሉ የውጭውን በር ሳትረግጥ ኖረች። ዛሬም ትዝ ሲላት አንጀቷ እርር ይላል።

ስለዚህ ሰሌዳውን በእምቢታ ሞላችው። «ኖት ሪሊ» ለስለስ ያለች ናት፤ ሻይ ልጨምርልሽ ሲሉሽ፣ እምብዛም አላሰኘኝም ለማለት። «ኖት አት ኦል» ጠንከር ይላል፣ ጨርሶ ማለት ነው፤ ላመሰገነሽ ሰውም ምንም አይደል ትይበታለሽ። «ኔቨር» መቼም ቢሆን። «አብሶሉትሊ ኖት» ደግሞ በፍጹም!

«እሱን ለማንኪያና ለሹካ እንዳታባክኑት» ትላቸዋለች። «የመኝታ ቤታችሁን በር ለሚገፋ፣ ፓስፖርታችሁን ለሚቀማ ነው። ደግሞ አንዱ ይበቃል፤ መደራረብ ሾርባ ላይ ጨው እንደ መድገም ነው።»

ሴቶቹ ሊበሩ ሳምንት ሲቀራቸው ባለቤቱ ድንገት ገባና ሰሌዳውን አየ።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው? ደንበኞቼን ሊያስሸሹብኝ ነው? አሁኑኑ ያጥፉት!»

«አላጠፋም።»

«እንግዲያው ከነገ ጀምሮ እንዳይመጡ!»

ከዚህ ሥራ ሌላ መተዳደሪያ የላትም። ግን ብታጠፋው እነዚህ ልጆች እሷ እንደሄደችው ባዶ አፋቸውን ሊሄዱ ነው። ጠመኔዋን ጨበጠች፤ የሰሌዳ ማጥፊያውን ዳስተር ግን አልነካችውም።

«ለነገሩ እነሱስ መች ገብቷቸው!» አለና ባለቤቱ በሩ ሥር ወደተቀመጠች አንዲት ዝምተኛ ተማሪ ዞረ። ድምፅዋን አሰምታ የማታውቅ ልጅ ናት። እንደ ማዳም ኮስተር ብሎ እጁን ዘረጋና ስልክሽን አምጪ አላት፣ በእንግሊዝኛ።

ልጅቱ ስልኳን አወጣች፤ ልትሰጠው ነው። በይ እንጂ ልጄ፣ በይ እንጂ፤ እትዬ በጭራሽ ከንፈሯን ነከሰች።

ልጅቱ ብድግ አለች፤ ስልኳን ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

«ኖ! ኔቨር! ኖት አት ኦል! አብሶሉትሊ ኖት!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የባለቤቱ ፊት ቲማቲም መሰለ።

«ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት እንግሊዝኛ ነው? አርሚያት እንጂ አንቺ ሴትዮ!»

እርስዎ መባሉም ቀረ ማለት ነው። እሷም አንተ አለችው።

«ምኗን ላርምልህ? ምንም አልጎደላት!»

«ውጪልኝ!»

ወጣች። ስትወጣ ዳስተሩን ቦርሳዋ ውስጥ ጣል አድርጋ ነው፤ ባለቤቱ ሰሌዳውን ሊያጠፋ ፈልጎ ከውስጥ «ዳስተሩ የታለ?» እያለ ይጮሃል።

ዝምተኛዋ ልጅ ደረጃው ላይ ደረሰችባት፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«እትዬ፣ አንዱ ይበቃል ብለውን አልነበር? አበዛሁት እንዴ?»

«በጭራሽ!» አለቻት።