የጉና በረዶና የአባባ ሰሌን

ባለፈው ነሐሴ ከአንድ የቱሪስት ሎጅ በር ላይ ስደርስ ያ ሽታ መጣብኝ። ሽቶ ረጭተውበታል፣ ግን ሽቶው ከላይ ከላይ ነው፤ ከሥሩ የረጠበ ቁርበትና የኮመጠጠ አጓት ተቃቅፈው ተኝተዋል። ልክ እንደ ዛሬ ስድሳ ዓመቱ አፌን ያዝሁ፣ አሁን በጋቢዬ ጫፍ። ልጄ «አባዬ፣ የተራራ አየር እኮ ነው» አለኝ። አየር! ከባሕር ዳር ሁላችንንም በመኪና ጭኖ ያመጣን «የበረዶ ሸርተቴ በባህላዊ መንደር፣ ለመላው ቤተሰብ» የሚል ማስታወቂያ በስልኩ አይቶ ነው፤ ባህላዊ የተባለው መንደር ደግሞ ከጉና ተራራ ሥር ያለው የአያቴ የአባባ ውበቴ አገር ነው፤ በልጅነቴ ወደዚያ ላለመሄድ ስንት ጊዜ የውሸት ቁርጠት እንደታመምሁ እኔና እናቴ ነን የምናውቀው።

በጋውን የሐይቅ ልጅ ነበርሁ። አባቴ ፋብሪካ ይሠራ ነበር፣ ቤታችንም ከጣና ዳር ብዙ ስለማይርቅ፣ ከትምህርት ቤት እንደተመለስሁ ደብተሬን ወርውሬ፣ ልብሴን ድንጋይ ላይ ጥዬ፣ ጣቶቼ እስኪጨማደዱ ድረስ ውሃ ውስጥ እቆይ ነበር፤ ማታ ደግሞ እናቴ የጠበሰችውን ዓሣ ጭንቅላቱ ሳይቀር ግጬ፣ እጄን ሱሪዬ ላይ ጠርጌ እተኛ ነበር። በዚህ ሁሉ ራሴን እጅግ ንጹሕ የከተማ ልጅ አድርጌ እቆጥር ነበር። ሳሙና ከስንት ጊዜ አንዴ ይነካኝ እንደነበር አትጠይቁኝ።

ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ግን አባቴ እኔንና እናቴን እስከ ደብረ ታቦር በአውቶቡስ ያሳፍረንና፣ ከዚያ ወዲያ ጭቃውን በእግራችን እያቦካን አባባ ቤት እንደርስ ነበር። ገና ከደጅ የአጎቴ ልጅ ጥሩዬ፣ በሁለት ዓመት የምትበልጠኝ ምላሳም፣ አፍንጫዋን በሁለት ጣት ይዛ «ዓሣው መጣ! ኧረ በሩን ክፈቱት፣ ዛሬ በዚህ ሽታ ማን ሊያድር ነው!» ትል ነበር። እኔ እነሱን ስጸየፍ ለካ እነሱም እኔን ይጸየፉኝ ኖሯል። ቤቱ ውስጥ ጥጆቹ ከእኛ ጋር ያድራሉ፣ ቁንጫው ከጥጆቹ ጋር ያድራል፣ እኔ ደግሞ መደቡ ላይ በተነጠፈው ቁርበት ላይ አልተኛም ብዬ የእናቴን ነጠላ አንጥፌ፣ እግሬን ሰብስቤ፣ ትንፋሼን ቆጥቤ አድር ነበር።

ከሁሉም የከፋው ቁርበት ማልፋት ነበር። የታረደ በሬ ቆዳ ጠጉሩ እስኪላቀቅ ተነክሮ ይሰነብትና፣ አጓት እያፈሰሱበት ልጆች ሁሉ በእግራቸው ይረግጡታል። አንድ ጊዜ ብቻ ሞክሬዋለሁ፤ ያ ዝልግልግ ነገር በጣቶቼ መካከል ሽቅብ ሲወጣ፣ ከጫፉ ላይም አንድ ነጭ ትል ሲላወስ ሳይ፣ የበላሁትን ሁሉ እዚያው ቁርበቱ ላይ መለስሁት። ጥሩዬ «ሥራ ጨመረልን!» ብላ መሬት ላይ ተንከባለለች። ታዲያ ልጆቹ ቁርበቱን የሚያለፉት ለመኝታ ብቻ አልነበረም፤ በረዶ ጥሎ ቁልቁለቱ ነጭ ሲሆን በአሮጌው ቁርበት ላይ ሦስት አራት ሆነው ይቀመጡና እየጮኹ እስከ ታች ይንሸራተቱበት ነበር። እኔም ልቀመጥ ስል ጥሩዬ «አንተ መቼ ረገጥህና ነው? ዞር በል፣ ዓሣው!» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው። ግን እኔ እውነት አልፈለግሁም፣ መንሸራተት ነው የፈለግሁት።

አሥር ዓመት በሞላኝ ክረምት፣ በሐምሌ ሥላሴ ዕለት፣ ያላየሁት ዓይነት በረዶ ጣለ። አባባ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። ሽቅብ ስመለከት ከቆጡ ላይ ተጠቅልሎ የታሰረ አዲስ ሰሌን አየሁ፤ ንጹሕ፣ ቢጫ፣ ምንም የማይሸት። እኛ ቤት ሰሌን በርበሬ የሚሰጣበት ነው፣ ሌላ ሥራ እንዳለው ከየት ልወቅ? አወረድሁት፣ ፈታሁት፣ ከቁልቁለቱ አናት ላይ አንጥፌ እንደ ንጉሥ ተቀመጥሁበት። እንዴት ሄደ መሰላችሁ! ጥሩዬንና ቁርበቷን በአየር ላይ አለፍኋቸው። ከዚያ አንድ ድንጋይ «ቅርር» ሲል ተሰማኝ፣ ሰሌኑ ቀረ፣ እኔ ግን መንገዴን ቀጥዬ የበረቱ አዛባ በተጠራቀመበት ጉድጓድ ውስጥ በግንባሬ ገባሁ። አፌ ክፍት ነበር። ጣዕሙን እስከ ዛሬ ለማንም አልመኝም።

ጥሩዬ እየሳቀች ደረሰች፤ የተቀደደውን ሰሌን ስታይ ግን ሳቋ ቆመና ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጫነች። «ምን ሆነህ ነው አንተ? ይኼ እኮ የአባባ ነው፣ ሲሞቱ የሚጠቀለሉበት! ከአንበሳሜ ገበያ ድረስ ሄደው ነው የገዙት!» አባባ በዚያ ክረምት ክፉ ሳል ይዟቸው ነበር፤ ለካ ሰሌኑን ገዝተው፣ አስረው፣ ሰቅለው፣ ነገራቸውን ጨርሰው ነበር የተቀመጡት። እኔ አዛባው ከአገጬ እየተንጠባጠበ ከራሴ ይልቅ የምጸየፈው ነገር አጣሁ።

አባባ ሲመሽ መጡና ሰሌኑን ዘርግተው ከላይ እስከ ታች አዩት። አለቀልኝ ስል «እህሳ?» አሉኝ፤ «ይንሸራተታል?»

«በጣም፣ አባባ።»

«ደግ። ለእኔም እንደዚያው ይሁንልኝ።» ሳቁ፣ ሳሉ፣ እንደገና ሳቁ። «በል እንግዲህ፣ ያንሸራተትኸውን ራስህ ሰፍተህ መልስ። አንተ እስክትጨርስ እኔም ወዴት ልሄድ!»

የዘንባባ ቅጠል አስመጡልኝ፣ ወስፌ ሰጡኝ፣ ክረምቱን ሙሉ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ስሰፋ ከረምሁ። «ቁርበቱ ላይ ተቀመጥ፣ ድንጋዩ ይበርድሃል» ሲሉኝ አፍንጫዬን ይዤ እምቢ እል ነበር። ቃላቸውን ግን ይዤው ነበር፤ ሳላቸው በጠና ቁጥር ስፌቴ ይዘገይ ነበር። ጳጉሜ ገብቶ ወደ ባሕር ዳር ልንመለስ ስንል «አለቀ?» አሉኝ።

«ትንሽ ይቀረዋል፣ አባባ።»

«ምን ያህል?»

«ስንዝር።»

ዓይኔን አዩኝ። «ደግ» አሉ፣ «አትቸኩል።»

በሚቀጥለው ክረምት መጥቼ የሰፋሁትን ፈትቼ አጠበቅሁት፣ አጠብቄም ያችን ስንዝር መልሼ ተውኋት፤ በሦስተኛውም እንዲሁ። ይጠይቁኛል፣ እመልሳለሁ፣ «አትቸኩል» ይሉኛል። ሌላ ሰው መሐላችን አልገባም። በአራተኛው ክረምት፣ ነሐሴ ሲጋመስ፣ ጠዋት ሊቀሰቅሷቸው ሲሄዱ አልተነሡም። ቀሳውስቱ መጥተው፣ ሰው ደጁን ሞልቶ፣ ሰሌኑ ሲዘረጋ ያቺ ስንዝር ለሁሉም ታየች። ጥሩዬ ዓይኗ እንዳበጠ ወስፌውን ይዛ መጣች፤ ያን ዕለት አፍንጫዋን አልያዘችም። «ዓሣው፣ ና ጨርሰው። ሰው ቆሟል» አለችኝ። ተቀምጬ ጨረስሁት። ስነሣ ነው የተቀመጥሁት እሳቸው ይተኙበት በነበረው ቁርበት ላይ እንደነበር ያየሁት፤ ሸትቶኝም አልነበረም።

ወደ ሎጃችን ልመለስ። ሦስት ቀን ቆየን፣ በረዶ የሚባል አልጣለም፤ የልጅ ልጆቼ በኪራይ ሳፋ እርጥብ ሣር ላይ ተንሸራተቱና ቂጣቸው ተላጠ። ከበሩ አጠገብ የተዘረጋው ቁርበት ፎቶ መነሻ ነው፣ ማንም አይቀመጥበትም። ቁርስ ሲሆን ደግሞ የረጅሙን ጠረጴዛ ልብስ አየሁት፤ ሰሌን ነው። በላዩ ዳቦ፣ ማርማላታ፣ የተላጠ እንቁላል። የቆረስሁትን ዳቦ መልሼ አስቀመጥሁት። ትንሿ የልጅ ልጄ «አባባ፣ አስጠላህ እንዴ?» አለችኝ፤ «ጥርሴ ነው» ብዬ ዋሸሁ፣ የቀረኝ ጥርስ ስንት እንደሆነ እያወቀች።

ያኔ የሚያስጠላኝ ነገር ሁሉ ባለቤት ነበረው፤ የረገጠው፣ የተኛበት፣ ሊጠቀለልበት ያስቀመጠው ሰው ነበረ። እዚህ ሁሉ ነገር ታጥቧል፣ ሽቶ ተረጭቶበታል፣ የማንም አይደለም፤ አሁን የሚያስጠላኝም ይኼ ነው። እያሰብሁ ሳለ ጣቶቼ ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አንድ የተተረተረ ቦታ አገኙና ሳላስበው በመዳፌ ለካሁት። አስተናጋጁ አየኝና ደነገጠ፤ «ይቅርታ አባት፣ ዛሬውኑ እናሰፋዋለን» አለ።

«ስንዝር ነው፣ ልጄ» አልሁት፤ «ተወው። አትቸኩል።»