በልዩ ልዩ ይታይ

ቂመኛ ነሽ ይሉኛል። ነኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እኔ ደግሞ አለመርሳት ብቻ ሳይሆን መጻፍም እችላለሁ።

በደርግ ዘመን ነፋስ ስልክ ውስጥ የቀበሌያችን ጸሐፊ ነበርኩ። ሥራዬ በየስብሰባው ከሊቀመንበሩ ጎን ተቀምጬ ቃለ ጉባኤ መያዝ ነው። ሊቀመንበራችን አንዲት ቃል ለመናገር ሦስት ጊዜ ጉሮሮውን የሚጠርግ፣ የቀበሌውን ላንድሮቨር ቁልፍ ከሱሪ ኪሱ የማይለይ ሰው ነበር። መኪናው የሕዝብ ነው ይባላል። ቁልፉ ግን የእሱ ነበር።

አንድ እሁድ ጠዋት ታናሽ እህቴ ከአዳራሹ አጠገብ ባለችው ክሊኒክ በሰባት ወሯ ወንድ ልጅ ወለደች። ያዋለደቻት ጤና ረዳት የልጁን አተነፋፈስ አልወደደችውም። ትንፋሽ በሳበ ቁጥር ከጎድኑ ሥር ስርጉድ ይላል፣ ሲያወጣ ያቃስታል። ኦክሲጅን ያለው ሆስፒታል ነው። በዚያ የቤንዚን እጥረት እሁድ ቀን ታክሲ ማግኘት የማይታሰብ ነው፤ ያለን ያ ላንድሮቨር ብቻ ነው። ጤና ረዳቷ መኪናው ሲገኝ ጊዜ እንዳይባክን ብላ እህቴን ደግፋ አወጣቻት፤ ልጁን በጋቢ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አስታቀፈቻትና የአዳራሹ በረንዳ ላይ፣ እኔ ከምቀመጥበት መስኮት ሥር አስቀመጠቻት። ከዚያ ገብታ ስብሰባው መሀል ቆመች።

“ጓድ ሊቀመንበር፣ ያለ ቀኑ የተወለደ ልጅ ትንፋሽ አጥሮታል። መኪናው አሁኑኑ ያስፈልገናል።”

የዕለቱ አጀንዳ ሦስት ነበር፦ የጽዳት ዘመቻ፣ የኅብረት ሱቁ የስኳር ክፍፍል፣ በመጨረሻ ልዩ ልዩ። ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

“ጓዲት፣ ከአጀንዳ ውጭ አንነጋገርም። ጥያቄው በልዩ ልዩ ይታይ።”

“እስከዚያ አይቆይም።”

“ሥነ ሥርዓት” አላት።

ጻፍኩ። ሦስት ሰዓት ከአሥር፣ ለታመመ ሕፃን መኪና ተጠይቆ በልዩ ልዩ እንዲታይ ተወሰነ። ቦዩን የላይኛው ሰፈር ይጥረግ የታችኛው ሲከራከሩ ጻፍኩ። ስኳሩ በነፍስ ወከፍ ይሁን በቤተሰብ ሲባል ጻፍኩ። በመስኮቱ በኩል የልጁ ማቃሰት ይሰማኛል። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ድምፁ ሳሳ። ሰዓቴን አየሁና ያንንም ጻፍኩ፤ የሕፃኑ ድምፅ ቀነሰ።

ልዩ ልዩ ላይ የደረስነው አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ተቃዋሚ አልነበረም። እጅ ወጣ፣ ተቆጠረ፣ መኪናው እንዲሰጥ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ልጁ ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። ሐኪሙ ሲያስረዳን ያለ ቀኑ የተወለደ ልጅ ሳምባ ገና ስላልጠና አየር ሲወጣ ይጣበቃል፣ ልጁ በየትንፋሹ እንደገና ሊያላቅቀው ይታገላል አለን። ዕርዳታው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ካልደረሰ ልጁ ይደክማል፤ ከደከመ በኋላ የሚመጣ ኦክሲጅን እምብዛም አይረባም። ዛሬ ሳምባው እንዳይጣበቅ በቱቦ የሚጨመር መድኃኒት አለ፤ እሱም ቢሆን ቶሎ ሲሰጥ ነው ይላሉ። ያኔ እኛ ዘንድ አልነበረም። ምናልባት በጊዜ ብንደርስም አይተርፍም ነበር። ይህችን “ምናልባት” ግን ለሊቀመንበሩ አልሰጠውም። ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ወስዶብናል፣ እሱ ይበቃዋል።

ማክሰኞ ቃለ ጉባኤውን አቀረብኩለት። ሳያነብ መፈረም ልማዱ ነው። ፈረመ፣ ማኅተሙንም ራሱ መታበት። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ መዝገቡን ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ጠዋት ጠዋት “ጓድ፣ እንደምን አደሩ?” እያልኩት ወራት አለፉ።

በመጨረሻ ከቀበሌው በላይ ካለው ጽሕፈት ቤት፣ ከከፍተኛው፣ ሰዎች ለሂስና ግለ ሂስ መጡና የቀበሌው ሕዝብ ተሰበሰበ። የሊቀመንበሩ ተራ ሲደርስ ተነስቼ ያንን ገጽ አነበብኩ። የቦዩን፣ የስኳሩን፣ የልጁን ድምፅ፣ ሁሉንም ከነሰዓቱ።

“ፊርማው የማን ነው?” አለ ከከፍተኛው የመጣው ሰው።

“የእኔ ነው” አለ ሊቀመንበሩ፤ ሊያስረዳ እጁን አወጣ። በዚህኛው ስብሰባ ግን አጀንዳ የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

“የጓድ ሊቀመንበር ጥያቄ በልዩ ልዩ ይታይ” አልኩ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሊቀመንበሩ ተቀመጠ። ዕለቱን ከሥልጣኑ ወረደ፤ ቁልፉንም ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ምን እዋሻለሁ፣ ዛሬም ትዝ ሲለኝ ደስ ይለኛል።

ከእህቴ ጋር ወደ ቤት ስንመለስ ታመሰግነኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። በራችን ጋ ስንደርስ ቆመች።

“እትዬ፣ ሦስት ሰዓት ከአሥር ብለሽ ጽፈሻል።”

“አዎ።”

“አራት ተኩል ላይ ድምፁ ቀነሰ ብለሽ ጽፈሻል።”

“አዎ።”

“ታዲያ እስክሪብቶውን ጥለሽ ለምን አልተነሳሽም?”

ያን እሁድ የመኪናው ቁልፍ ያለበት ኪስ ከክርኔ አንድ ክንድ አይርቅም ነበር።