ሁለት ጠርሙስ አሲድ

ሰውየው ሚኒባሱን በሰው አስገፍቶ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ከነበረው ባትሪ ቤታችን በር ላይ ሲያቆም ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም።

«ባትሪዬን መልሱልኝ!» አለ።

አሠሪዬ በርጩማቸው ላይ እንደተቀመጡ ቀና ብለው አዩት። ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ የሚላቸው፣ አሲድ የበላው ካፖርት የማይለያቸው ሽማግሌ ነበሩ።

«ባትሪህ መኪናህ ውስጥ አይደለም እንዴ?»

«እሱ የኔ አይደለም። የኔ አዲስ ነበር። ቻርጅ ይደረግ ብዬ ትቼላችሁ ብሄድ ሆዱን ዘርግፋችሁ አሮጌ የእርሳስ ፕሌት ከታችሁበታል።»

«ኧረ ተው አንተ ልጅ።»

«ምን ተው አለው? ወደ ኮምቦልቻ ስወርድስ የሐረጎ ቁልቁለት ያስነሳልኛል። ስመለስስ ማን ያስነሳልኝ? ትናንት ሙሽራ ከነሚዜዎቿ አስገፍቼ መጣሁ እኮ! ቬሎዋን ሰብስባ ነው የገፋችው!»

የገፉለት ሰዎች ሳቁ። ጋሼም ሳቁን በአፋቸው ይዘው «አብሽር፣ ይታያል» አሉት። እሱ ግን አልሳቀም። «የሚታይ ነገር የለም። ወላሂ ይበሉኝና እንለያይ» አለ።

ጋሼ ፊታቸው የጠቆረው ያኔ ነው።

እኛ አካባቢ ወላሂ እንደ ጨው ነው፤ የማይገባበት ወሬ የለም። ቲማቲም ሻጩም ይላታል፣ ካርታ የሚጫወተውም ይላታል። ጋሼ ግን ከአፋቸው ወጥታ ሰምቼ አላውቅም። የፈጣሪ ስም ለንግድ አይወጣም የሚሉ ሰው ነበሩ። እኔ ያደግሁት ጴንጤ ቤት ነው፤ እኛም ቤት አይማልም፤ ስለዚህ ነገሩ ምን ያህል እንደከበዳቸው ለመረዳት አስረጂ አላስፈለገኝም። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ግን ጉዳዩን ሰምተው ወሰኑ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ባትሪ ቤቱ ይመጣሉ፤ ጋሼ «በባትሪው ላይ ከኔ የደረሰ ጉዳት የለም» ብለው ይምላሉ፤ አለዚያ ይተካሉ። መተካት ደግሞ አምኖ መቀበል ነው። ባትሪ ቤት የሚቆመው በእምነት ነው። ሰው ንብረቱን ጥሎልን ቤቱ ሄዶ ነው የሚያድረው፤ ሌሊት ምን እንደምናደርገው አያይም።

ጋሼ ሲጨነቁ ዋሉና «እውነት ስለሆነ አንዴ እምላለሁ፤ ምን ይደረግ» አሉ። እኔ ደግሞ ጨርሶ እንዳይምሉ ላደርግ ቆረጥኩ። ባትሪው ምን እንደሆነ ለክቼ ካሳየሁ መሐላ ለምን ያስፈልጋል? እንደዚያ ነበር ያሰብኩት።

ባትሪውን ሙሉ ቻርጅ አደረግሁት። አሲድ መለኪያውን በስድስቱም የባትሪው ክፍል፣ በየሴሉ፣ ሳስገባ በመስተዋት ቱቦው ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ከፍ ብሎ ቆመ፤ አሲዱ ጠንካራ ነው ማለት ነው። የመኪና የፊት መብራት ሳገናኝበት ቦግ ብሎ በራ፤ ሳይደክም ቆየ። አሮጌ ፕሌት ቢሆን ይህን አይችልም ነበር። ከዚያ ሽቦውን ሁሉ ነቅዬ፣ ምንም ሳይነካው አሳደርኩት። በማግሥቱ ተንሳፋፊው በስድስቱም ሴል ዝቅ ብሏል። ሰው ሳይጠቀምበት ራሱን በልቷል ማለት ነው።

ሰውየውን ጠርቼ «ውሃ ሲጎድልበት ምን ትጨምርበታለህ?» አልኩት።

«የዝናብ ውሃ ነዋ። ሁሉም የሚያደርገውን።»

«ከየት ቀድተህ?»

«ከሰማይ! ዝናብ ከየት ይመጣል ብለህ ነው?» ብሎ ወደ ሰዎቹ ዞረ። «ያ ጀማዓ፣ ይሄ ጴንጤ ዝናብ ከየት እንደሚመጣ ይጠይቀኛል!»

ሳቁ እስኪያልፍ ቆየሁና መልሼ ጠየቅሁት። ከቤቱ አሸንዳ ሥር የተተከለ በርሜል አለው። በርሜሉን ሄጄ አየሁት። ጠርዙ የዛገ፣ ውስጡ እንደ ደም የቀላ ነበር። የቤቱ ቆርቆሮም እንደዚያው። ዝገት አሲድ ውስጥ ሲገባ ይሟሟል፤ ከአንዱ ፕሌት ወደ ሌላው እየተመላለሰ የሁለቱንም ኃይል ያወርዳል። ይህን ያነበብኩት ሽፋኑ ከተገነጠለ አንድ የመካኒክ መጽሐፍ ላይ ነው። ማንበብና ማሳየት ግን የተለያዩ ናቸው።

ባትሪውን ከፍቼ ፕሌቱን እንዳላይም ሆነ ከውስጡ ምንም እንዳልወስድ ሰውየው ከልክሎኛል፤ «ማስረጃዬ ነው» ብሎ። በስንት ልመና ከየሴሉ ጥቂት ጥቂት አሲድ መምጠጫ ውስጥ ስቤ እንድወስድ ፈቀደ። ከአንድ ደኅና ባትሪ ፕሌቶች ቆርጬ በሁለት የማርማላታ ጠርሙስ ጥንድ ጥንድ አድርጌ ሰቀልኩ። በአንዱ ንጹሕ አሲድ፣ በሌላው የሰውየውን አሲድ ሞላሁ። ሌላው ነገር ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ልዩነት ከመጣ ከአሲዱ ይመጣል።

ነገር ግን ከፖዘቲቩ እስከ ነጌቲቩ ፕሌት ብቻ መለካት አልበቃኝም። ሁለት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው ቃሬዛው ሲያዘነብል የማን ጉልበት እንደከዳ ከሩቅ አይታወቅም። ለየብቻ ለማየት ሦስተኛ ነገር ያስፈልጋል፤ አሲዱ ውስጥ ገብቶ ራሱ የማይንቀሳቀስ፣ ሁለቱንም ከእሱ አንጻር የምለካበት። መጽሐፉ ካድሚየም የሚባል ብረት ተጠቀም ይላል። ፒያሳ አንዱን የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴ ብጠይቀው «የት አገር ያለህ መሰለህ?» አለኝ።

የባትሪ ድንጋይ ቀፎ ዚንክ ነውና ከእሱ ቆርጬ ሞከርኩ። ገና አሲዱን ሲነካ መንጨስጨስ ጀመረ። ቮልት በምለካበት ቴስተር ላይ ያለው ቁጥር አንድ ቦታ አልቆም አለ፤ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ጻፍኩት ስል ይቀየራል። የሚለካው ነገር ሲለዋወጥ ያለ ነው። መለኪያው ራሱ ሲሸሽ ግን ሰው ምን ይይዛል? ዚንኩን አውጥቼ ወረወርኩት።

መፍትሔው አጠገቤ ነበር። በደንብ ቻርጅ ከተደረገ ጤነኛ ነጌቲቭ ፕሌት ቀጭን ቁራጭ ቆረጥኩ። ፕሌቱ እርሳስ የሚባለው ብረት ነው፤ ለእሱ አሲዱ ቤቱ ነው፤ አይንጨሰጨስም። ስለካ ብቻ እነክረዋለሁ፣ ወዲያው አውጥቼ አጥቤ በንጹሕ አሲድ አስቀምጠዋለሁ። ቁጥሩ ቆመልኝ። ጤነኛው ነጌቲቭ ከእሱ ጋር ሲለካ ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ ፖዘቲቩ ከሁለት ቮልት ከፍ ይላል።

ደስታው ብዙ አልቆየም። ሁሉም ቁጥር ከሚገባው በላይ ከፍ እያለ መጣ። አዲስ የባትሪ ድንጋይ ስለካ እንኳ የማይሆን ነገር ያሳየኛል። ኋላ ሳጣራ የቴስተሩ የራሱ ባትሪ ደክሟል። ሲደክም ደግሞ አሳንሶ አይናገርም፤ አጋንኖ ነው የሚናገረው። እስከዚያ የለካሁት ሁሉ ገደል ገባ። የቴስተሩ አራት ማዕዘን ባትሪ ደሴ ጠፍታ ኮምቦልቻ ወረድኩ።

እግረ መንገዴን ከአንድ ፋብሪካ በር ሄጄ ቤተ ሙከራቸው በትንሽ ጠርሙስ በያዝኩት የሰውየው አሲድ ውስጥ ያለውን የዝገት ብረት እንዲለካልኝ ጠየቅሁ። ዘበኛው ጠርሙሴን ወደ ብርሃን አነሳና «ምንድነው፣ ሽንት ነው?» አለኝ።

«አሲድ ነው።»

«አሲድ! ይዘህ ራቅ በል! ከቀበሌህ ደብዳቤ አምጣ።»

ቀበሌ ሄድኩ። «ፋብሪካው መጀመሪያ ይጻፍልንና» አሉኝ። ተውኩት። ብረቱን በቀጥታ ሳልለካ ቀረሁ ማለት ነው፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

መብራት ደግሞ በፈረቃ ነበር። አንደኛው ጠርሙስ እየሞላ ሳለ ጥፍት ይላል፤ ሁለቱን እኩል ቻርጅ ማድረግ አልተቻለም። በመጨረሻ ከአንድ ሙሉ የከባድ መኪና ባትሪ ኃይል ወስጄ ሁለቱን በተከታታይ አያይዤ ሞላኋቸው፤ በአንድ ሽቦ የሚያልፈው ኮረንቲ ለሁለቱም እኩል ስለሆነ። ከዚያ ነቅዬ ተውኳቸው። ዝም ብለው ሲቆሙ ብቻ መለካት ይዋሻል፤ የደከመም ፕሌት ሳይሸከም ደኅና ይመስላል። ስለዚህ በየጊዜው ትንሽ አምፖል እያገናኘሁ፣ እሷ እየበራች ለካሁ።

ሐሙስ ጠዋት አምፖሏ በንጹሑ ጠርሙስ ላይ ቦግ አለች። በሰውየው ጠርሙስ ላይ ቀልታ ጠፋች። በእርሳስ ቁራጯ ስለካ አንዱ ፕሌት ብቻ አልነበረም የወደቀው፤ ሁለቱም ወርደዋል። መጽሐፉ እንዳለው ልክ። ደግሜ ለካሁ፣ ያው ነው። ቴስተሩን ራሱን በአዲስ የባትሪ ድንጋይ ፈተንኩት፣ ትክክል ነው። ከዚያ ጋሼን ጠራሁ።

በእርጋታ አዩት። ቁጥሩን ሳይሆን አምፖሏን ነው ያዩት።

«ስለዚህ ፕሌቱ አልተቀየረም» አሉ።

«አልተቀየረም ጋሼ። ውሃው ነው ያበላሸው።»

«የዝናቡ ውሃ?»

«አዎ፣ የዝናቡ...»

አልጨረስኩትም። ጋሼ በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ።

«ማነው የዝናብ ውሃ ጨምሩ የሚለው?» አሉኝ።

እሳቸው ነበሩ። የተጣራ የባትሪ ውሃ ሲጠፋ ለመጣው ሁሉ ይሉ ነበር። ግን እንዴት እንደሚሉም አውቃለሁ። «በፕላስቲክ ሳህን፣ ከሜዳ ላይ፣ ከጣሪያ የራቀ» ነበር የሚሉት።

«ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት በሳህን ነው! ከቆርቆሮ ላይ ቅዳ አላሉም!»

«ለሱ ብዬዋለሁ?»

«ለሁሉም ይላሉ።»

«ለሱ ስለማለቴ ነው የጠየቅሁህ። ቸኩዬ 'ዝናብ ጨምርበት' ብቻ ብዬው እንደሆነስ?»

 የሰውን ንግግር የሚለካ ቴስተር የለም።

ዓርብ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሰውየውም ደጋፊዎቹን ይዞ መጣ። ጠርሙሶቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ማስረዳት ጀመርኩ። ገና ሦስተኛዋን የእርሳስ ቁራጭ ሳነሳ አንደኛው ሽማግሌ «ልጄ፣ ይህችን ፌስታል ማሰሪያ የመሰለች ነገር ትተህ ቁም ነገሩን በል» አሉኝ። አምፖሏን አበራሁ፣ አጠፋሁ።

«ሁለቱም በርተዋል» አለ አንዱ ደጋፊ።

«አንዱ ጠፋ እኮ!»

«እጅህ ተንቀጥቅጦ ነው።»

ትልቁ ሽማግሌ ወደ ጋሼ ዞሩ። «እንግዲህ በባትሪው ላይ ከእጅዎም ከአፍዎም ጉዳት አልደረሰም፣ ወላሂ ይበሉና ነገሩ ይዘጋ።»

ከእጅዎም ከአፍዎም። እንዲህ ዓይነት መሐላ ላይ አፍ የሚጨመረው ለልማድ ነው፤ ማንም ልብ አይለውም። ጋሼ ግን ልብ አሉት።

«አልምልም» አሉ።

 እኔ ዝም ማለት አቃተኝ። «ጋሼ በሳህን ቅዱ ነው የሚሉት! ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ!»

«ለዚህ ሰውዬ ሲሉት ሰምተሃል?» አሉኝ ሽማግሌው።

«ለብዙ ሰው ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ለዚህስ?»

«...አላውቅም።»

«እኔ ሳህን የሚባል አልሰማሁም፣ ወላሂ!» አለ ሰውየው። ከአፉ እንዴት በቀላሉ እንደወጣች!

ጋሼ ተነስተው ከመደርደሪያው አዲስ ባትሪ አወረዱ። ራሳቸው ተሸክመው ሚኒባሱ ድረስ ወሰዱለት። ሰውየው ከላይ ከታች አገላበጠና ሳምንቱን ሙሉ ሲስቅብኝ ሰንብቶ እኔኑ ጠራኝ፤ «ና እስቲ፣ ለካልኝ።» ለካሁለት። ደኅና ነው አልኩት። አላመነኝም፤ ባትሪውን አስገጥሞ ገባና ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ሲነሳ ነው ፊቱ የተፈታው። ጋሼ በመስኮቱ ጎንበስ ብለው ስለ ፕላስቲክ ሳህኑ ይነግሩት ነበር፤ ሞተሩ ይጮሃል፤ እሱም ራሱን እየነቀነቀ «እሺ፣ እሺ ጋሼ» ይላል። መስማቱን እንጃ።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ በጋሼ ተናደድኩ። በሕይወቴ አሠሪዬን የተቆጣሁት ያን ቀን ነው። «ሰዎቹ ሌባ ነው ብለውዎት ሄዱ እኮ! እርስዎ ከመለካቴ በፊት ሊምሉ ነበር። ምነው ባልለካሁ!»

«ሳትለካ ብምል ኖሮ በውሸት ምዬ ነበር» አሉ። «እኔ አንተ የለካኸውን ነው ያመንኩት።»

ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ልኬቴን ያመኑት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ የከፈሉበትም እሳቸው።

ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ሰዎች ባትሪያቸውን ሲያመጡ በሚስማር ምልክት ጭረውበት ማምጣት ጀመሩ። አንዱ መስቀለኛ፣ አንዱ ኮከብ፣ አንዱ የስሙን ፊደል። ሊወስዱ ሲመጡም ከሁሉ አስቀድመው ጎንበስ ብለው ጭረቱን ያያሉ። ጋሼ ይህን እያዩ «አብሽር፣ ያው ያንተው ነው» ይላሉ። እኔ ባትሪዎቹን ጭረታቸውን ወደ ግድግዳ አዙሬ እደረድራለሁ። ገራዶ ከሚባለው አካባቢ የመጣ አንድ የወፍጮ ቤት ጠባቂ ግን ጭረት ሳያደርግ ባትሪውን አስቀምጦ ሊሄድ ሲል «ምልክት አታደርግበትም?» ብዬ በንዴት ጠየቅሁት።

«የምን ምልክት?» አለኝ። ባትሪ ይቀይራሉ የሚለውን ወሬ ገና አልሰማም ነበር።