የማክሰኞውና የአርቡ አውሮፕላን

ሐሙስ ጠዋት፣ አውቶቡስ ተራ

ከአዲስ አበባ የተነሣሁት ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነበር፤ የአብራሪነት ፈተና መውደቄን ለአባቴ በገዛ አፌ ልነግራቸው። ደብዳቤ ብጽፍ ይቀለኝ ነበር። ነገር ግን አባቴ የኔን ደብዳቤ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆመው ለሰው ሁሉ እንደሚያነቡ ስለማውቅ፣ ውርደቴ ከሰንበቴው ዳቦ ጋር ተቆርሶ እንዳይታደል ፈራሁ።

የመንገደኞች አውሮፕላን አብራሪ ለመሆን መማር ከጀመርኩ ያኔ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኛል። በትንሿ ባለ አንድ ሞተር መለማመጃ ብቻዬን ወጥቼ ብቻዬን ወርጃለሁ። ያቃተኝ የከለላው በረራ ነው። ውጭውን እንዳናይ ግንባራችን ላይ ከለላ ይታሰርና ፊታችን ያሉትን መሣሪያዎች ብቻ እያየን እንድንበር እንታዘዛለን። ደመና ውስጥ ለመግባት የሚያዘጋጅ ትምህርት ነው። እኔ ከለላው በታሰረ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሰውነቴ ይዋሸኛል፤ አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ እየሄደ ወደ ግራ የተጋደመ ይመስለኛል።

በፈተናው ቀን የደረሰብኝም ይኸው ነው። ፈታኙ "እንዴት ነህ?" ሲሉኝ "ደህና ነኝ" አልኩ። ደህና አልነበርኩም፤ ሰማይና ምድሩ ተደበላልቆብኝ ነበር። መሪውን ተቀበሉኝ። ከወረድን በኋላ፣ "የጣለህ ግራ መጋባትህ አይደለም፤ ሁሉም ሰው ግራ ይጋባል። የጣለህ አለመናገርህ ነው። ለሰኞ አንድ ዕድል አለህ" አሉኝ።

ሰኞ ደግሜ ከወደቅሁ እባረራለሁ፤ ከተባረርኩ የትምህርት ቤቱን መታወቂያ እመልሳለሁ። በእኔ ዕድሜ ያለ ወጣት ያለዚያ ዓይነት ወረቀት የት እንደሚደርስ ያን ዘመን የኖረ ያውቀዋል። ብሔራዊ ውትድርናው ከየቀበሌው ልጅ እየለቀመ ነበር።

ቲኬቱ አሥር ብር አይሞላም። ጣሪያው ላይ የጨው ጆንያ፣ የቆርቆሮ ክምርና አንድ የብረት አልጋ ተጭኗል። መስኮት አጠገብ ተቀምጬ የምናገረውን ማጥናት ጀመርኩ። "አባባ፣ ፈተናው ትንሽ ከብዶ ነበር" የሚለውን ሞከርኩ፤ ውሸት ሆነብኝ። "አባባ፣ ወድቄያለሁ" የሚለውን ደግሞ ጀምሬ ተውኩት። ሸኖ ስንደርስ ገና አልቆረጥኩም ነበር።

ረፋድ፣ ደብረ ብርሃን ኬላ

ወንዶች ወርደን ተሰለፍን። ተራዬ ሲደርስ አንድ ፊቱን ብርድ ያደረቀው ወታደር መታወቂያዬን ገለባብጦ አየ።

"ምንድን ነህ አንተ?"

"የበረራ ተማሪ ነኝ።"

"ታበራለህ ማለት ነው?"

"አዎ" አልኩት፤ ቃሉ ሳላስበው አምልጦኝ ወጣ።

ወታደሩ ቀጥ ብሎ ሰላምታ ሰጠኝ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሁለት የእኔ እኩዮች ግን ወረቀታቸው አላማረውም መሰለኝ፣ መንገድ ዳር ወደ ቆመው ድንኳን ተወሰዱ። አውቶቡሱ ጥቂት ጠብቋቸው ሳይመለሱ ተነሣ። ሰላምታው የኔ አልነበረም። ልመልሰው አልችል፣ ለማን እንደምሰጠውም አላውቅ።

ጣርማ በር ላይ የደሴውን መንገድ ለቅቀን ወደ መንዝ ስንታጠፍ ጉም ዋጠን። ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀንሶ ጥሩምባውን እየነፋ ይሄዳል። ዓይኔን ጨፈንኩና ራሴን ፈተንኩ፤ አሁን ወደ ቀኝ ዞርን፣ አሁን ቁልቁል ነን፣ እያልኩ። ስገልጠው መኪናው ቆሟል። ለካ በግ መንገድ ዘግቶ ከቆምን ቆይተናል። አጠገቤ ያሉት ባለ በርኖስ ሽማግሌ፣ "ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምትወዛወዘው?" አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ፣ ሞላሌ

ሞላሌ ወርጄ በአንዲት ሻይ ቤት ትኩስ ዳቦ በሻይ በላሁ። ከዚያ ሰፈራችን የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ገብሱ አሽቷል፤ ንፋሱ አጥንት ድረስ ይገባል። ከተማ ለምጄ ኖሮ ዳገቱ አስለከለከኝ።

እናቴ ከሩቅ አይታኝ የምትፈትለውን የበግ ጠጉር ጥላ መጣች። አገላብጣ ሳመችኝ፤ የተናገረችው የመጀመሪያ ነገር ግን ጭራሽ አልገባኝም።

"ማክሰኞ እኮ አየንህ! ትንሽ ዝቅ ብለህ ብትሄድ ምን ነበረበት?"

"የት ነው ያያችሁኝ፣ እማዬ?"

"ተዪው እንግዲህ" አሉ አባቴ ከቤት እየወጡ። "የመንግሥት ሥራ ነው። እንደ ልቡ ዝቅ አይልም።"

በሕልም አይታኝ ይሆናል ብዬ ተከትያቸው ገባሁ። ምሽቱን እሳት ዳር አባቴን ሁለት ጊዜ "አባባ" ብዬ ጠራኋቸው። አንዴ "ብርዱ በርትቷል" አልኩ፤ ሁለተኛው ላይ ስለ ገብሱ ጠየቅሁ። አባቴ በበኩላቸው ደስታቸው ሌላ ነበር። በማግስቱ የሚካኤል ማኅበር ነው፤ ተረኛው እኛ ነን።

"አንተም እኮ አባል ሆነሃል" አሉኝ። "በአየር ለሚሄድ ሰው ሚካኤል ይሻላል ብዬ አስገባሁህ። ድርሻህን እኔ አወጣለሁ፤ መቀመጫህ ከጎኔ ነው፤ ማንም አይቀመጥበትም።"

እንዲህ ላሉ ሰው ወድቄያለሁ ይባላል? ነገ ከማኅበሩ በኋላ፣ ብዬ ተኛሁ።

አርብ፣ ማኅበሩ

አርብ ስለነበር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተጾመ። ከዚያ አሥራ አራት ሰዎች በየመደቡ ተራቸውን ጠብቀው ተቀመጡ። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም አለቃቸው፣ አቶ ከፈለኝ ናቸው፤ ረጅምና ነገር አጣሪ። የማኅበሩ ቄስ አባ ወልዴ ደግሞ በአገሩ የታወቁ ሊቅ ናቸው። ሰው በሬ ሲጠፋበትም፣ ሕልም ሲያስጨንቀውም እሳቸውን ይጠይቃል። ዳቦው ተባረከ፣ ጽዋው ዞረ፣ የባቄላ ንፍሮው ቀረበ፣ ጠላው ተቀዳ። እኔ በዚያ ሳልኖርበት በተጠበቀልኝ መቀመጫ ላይ እሾህ ላይ የተቀመጥኩ ያህል እቁነጠነጥ ነበር።

ድንገት ከደቡብ በኩል የሞተር ድምፅ መጣ። ሰው ሁሉ ዋንጫውን አስቀምጦ ተነሣ። አንድም ሰው "እንነሣ" አላለም። ግራ ገብቶኝ እኔም ተከትዬ ወጣሁ። ወደ ሰሜን የሚሄደው የመንገደኞች አውሮፕላን ከደመናው ሥር ብልጭ አለ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ሁለት እጇን ዘረጋች።

"ሚካኤል ሆይ፣ ወልደ ሚካኤልን በክንፍህ ጋርደህ በሰላም አግባልኝ!"

"አሜን!" አለ ማኅበሩ በሙሉ።

ወልደ ሚካኤል የኔ የክርስትና ስም ነው። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ትምህርት የጀመርኩ ሰሞን "መብረር ጀምሬያለሁ" ብዬ ጽፌ ነበር። ደብዳቤው በደጀ ሰላም በተነበበ በማግስቱ ይህ አውሮፕላን ሲያልፍ እኔ መስያቸው ወጥተው መረቁኝ። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞና አርብ፣ ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ፣ አጫጁ ማጭዱን ጥሎ፣ ወፍጮ ላይ ያለችው ተነሥታ ሲመርቁኝ ኖረዋል።

አቶ ከፈለኝ ወደ ሰማይ አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

"አንተ... እዚህ አይደለህም እንዴ?"

"አለሁ፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ያንን ማን ነው የያዘው?"

ከኋላ አንዱ፣ "ብቻውን እየሄደ ይሆን?" ሲል እናቴ በድንጋጤ አማተበች። "በስመ አብ! ሰው ሞልቶበት ያለ ነጂ?"

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እኔ ግን ሁለተኛውን ዋንጫ እንኳ አልጨረስኩም ነበር። ያወጣው የእናቴ ፊት ነው።

"ነጂ አለው፣ እማዬ። ሌላ ሰው ነው። እኔ ያንን አውሮፕላን አንድ ቀንም ነድቼው አላውቅም። ገና ተማሪ ነኝ፤ በትንሿ ነው የምለማመደው። ፈተናም ወድቄያለሁ። ሰኞ ደግሞ እፈተናለሁ፤ እሱንም ከወደቅሁ መባረሬ ነው።"

ሰዉ ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። እኔ የጠበቅሁት ሐዘን ወይ ሳቅ ነበር፤ የተነሣው ግን ክርክር ነው። አቶ ከፈለኝ ጀመሩት።

"እንግዲያው ያ ሁሉ ምርቃት የት ገባ? በወልደ ሚካኤል ስም ነው የላክነው። ወልደ ሚካኤል ከምድር ነው፤ በሰማይ ያለው ሌላ ነው። ለማን ደረሰ?"

"ለባለ ስሙ ነው እንጂ!" አለ አንዱ።

"እንዴት? ለባለ ስሙ ከደረሰማ ለምን ወደቀ?" አለ ሌላው። ይህን ሲል እንኳ የኔን መውደቅ ከጸሎቱ ጥያቄ አስበልጦ አላየውም። እኔም በዚያ መሐል ደስ ይበለኝ ልፈር አላውቅም ነበር።

ሁሉም ወደ አባ ወልዴ ዞሩ። አባ ወልዴ ጢማቸውን ይዘው ብዙ አሰቡ። ሰው ሁሉ መልሱን ሊሰማ አንገቱን አስግጓል።

"አላውቅም" አሉ በመጨረሻ። "ግራ ገብቶኛል። ይህን የመሰለ ነገር በተማርኩት ሁሉ አላገኘሁም።"

ማንም አልሳቀባቸው፣ ማንም ከክብራቸው ዝቅ አላደረጋቸው። ተመልሰው ተቀመጡ፤ ጠላም ቀዱላቸው። እኔ ግን ደንግጬ ቀረሁ። እኚያን የሚያህሉ ሊቅ በአሥራ አራት ሰው ፊት አላውቅም ሲሉ፣ እኔ በአንድ ሰው ፊት ማለት አቅቶኝ ነበር የወደቅሁት።

አባቴ እጄን ይዘው ወደ ቦታዬ መለሱኝ። "መቀመጫህ መቀመጫህ ነው" አሉና፣ ቀጥለው "ሰኞ ከሆነ ነገ ማልደህ መነሣት አለብህ" አሉኝ።

ቅዳሜ፣ የመልስ መንገድ

እናቴ እስከ ወንዙ ሸኘችኝ። የገብስ ቆሎና በሶ በከረጢት ቋጥራልኛለች። ሌቱን እንዳልተኛች ዓይኗ ይናገራል።

"ያንን ሰውዬ ታውቀዋለህ?"

"የትኛውን?"

"ማክሰኞና አርብ የሚነዳውን። ይኸን ያህል ጊዜ በሰው ስም ስመርቀው ኖርኩ እኮ። የክርስትና ስሙን ጠይቅና ላክልኝ፤ በስሙ ልጥራው።"

"እማዬ፣ እኔ ስለ ፈተናዬ ተጨንቄ..."

"ላንተም እጸልያለሁ። አየር ላይ የሚውለው ግን እሱ ነው።"

አውቶቡሱ ውስጥ ልከፋ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ደብረ ብርሃን ኬላ ያው ወታደር አልነበረም። ሌላው "ምንድን ነህ?" ሲለኝ "ተማሪ፤ ለዚያውም ፈተና የወደቀ" አልኩት። መታወቂያዬን መልሶ "ግባ" አለኝ፤ ሰላምታ አልሰጠኝም። ቀለል አለኝ። ድንኳኑን ግን ዞሬ አየሁት፤ መጋረጃው ተዘግቷል። የእነዚያን ሁለት ልጆች መጨረሻ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ሰኞ፣ አዲስ አበባ

ከለላው ታሰረ። ተነሥተን ጥቂት እንደሄድን ያው አመሌ መጣ፤ ሰውነቴ ወደ ግራ ተጋደምን ይላል፣ ፊቴ ያለው የአድማስ ማሳያ ቀጥ ብለናል ይላል። ፈታኙ "እንዴት ነህ?" አሉ፣ እንደ በፊቱ።

"ግራ ገብቶኛል" አልኩ። "ሰውነቴ ግራ ግራ ይለኛል። መሣሪያውን ይዤ እሄዳለሁ፤ ግን ግራ ገብቶኛል።"

"እሺ፤ ቀጥል" አሉ።

ስንወርድ ሸሚዜ ከወንበሩ ተጣብቆ ነበር። ማለፌ በዚያው ቀን ተነገረኝ። ደስታው ቶሎ አልገባኝም፤ ሁለት ጊዜ ጠይቄ አረጋገጥኩ።

በሳምንቱ የማክሰኞውንና የአርቡን አብራሪ አፈላልጌ አገኘሁት። ካፒቴን ሰይድ ይባላል፤ ቁመተ አጭር፣ ቀልድ የማይወድ የሚመስል ሰው ነው። እያፈርኩ የመንዙን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት። እየሰማኝ ቆቡን በእጁ ያዞር ነበር።

"እኔ የክርስትና ስም የለኝም፤ እስላም ነኝ" አለኝ። ቆቡን ደፍቶ ደግሞ፣ "የእናቴ ስም ፋጡማ ነው። ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው። ያንን ጻፍላቸው" አለ።

ጻፍኩ፤ ምን ይሉ ይሆን እያልኩ። ከጉዞው የተማርኩት ግራ መጋባትን ማጥፋት አይደለም፤ ዛሬም ደመና ውስጥ ስገባ ሰውነቴ ይዋሸኛል። የተማርኩት ግራ ገብቶኛል ብሎ መሪውን ይዞ መቀጠልን ነው። ያስተማሩኝ ግን ማስተማራቸውን አያውቁም።

የአባቴ መልስ ከወር በኋላ መጣ። ስለ ማለፌ አንድ መስመር አለው፤ የቀረው እንዲህ ይላል፦

"እናትህ ስሙ አልከበደኝም ብላለች። ማክሰኞና አርብ በመጣ ቁጥር 'የፋጡማን ልጅ ሰይድን በሰላም አግባ' ትላለች። አንዳንዱ ሰው ይሆናል አይሆንም እያለ ተከራክሮ አባ ወልዴን ጠየቅናቸው። አሁንም አላውቅም ብለዋል። የሞተሩ ድምፅ ሲሰማ ግን ቀድመውን የሚወጡት እሳቸው ናቸው።"