ለሹፌሯ እህት ሲባል ያነሰው ጌም

ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኟን በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሰፈሩ ሁሉ «ካቻቢቴ» ይላታል። ከልጅነቷ ጀምሮ እጇ የገባውን ዕቃ ሳትፈታ እንቅልፍ አይወስዳትም። ያልደፈረችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሷና ታላቅ እህቷ ሲጣሉበትና ሲታረቁበት ያደጉት፣ ሻንጣ የሚያክል የጌም ማጫወቻ።

እህቷ የጭነት መኪና ሹፌር ናት። ጭነት ለማራገፍ ወረፋ ስትጠብቅ አንዳንዴ ሁለት ቀን ሙሉ ጋቢና ውስጥ ተቀምጣ ትውላለች። አንድ ቀን ደውላ፣ «ያ ጌማችን አጠገቤ ቢኖር ወረፋው እንዲህ ባልሰለቸኝ» አለቻት። ለጨዋታ ያህል ነበር የተናገረችው፤ ታናሿ ግን በማግስቱ ማጫወቻውን ጠረጴዛ ላይ አውጥታ ፈታችው።

ሽፋኑ ሲነሳ ሳቋ መጣ። ግማሹ ባዶ ነው፤ የቀረውን ቦታ የያዘው እንደ ጡብ የሚከብድ ትራንስፎርመር ነው። እሱን በስልክ ቻርጀር ተካችው፤ የቦርዱን ትርፍ ጠርዝ በመጋዝ ቆረጠችና ሁሉንም ከአንዲት ትንሽ ስክሪን ጋር ምሳ ዕቃ በምታክል ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ስታበራው ግን ስክሪኑ ጭልም አለ። የሁለታቸውን ልጅነት በመጋዝ የቆረጠችው መሰላት። ሦስት ቀን በአጉሊ መነጽር ስታስስ ቆይታ፣ ቦርዱ ላይ ፀጉር የምታክል የመዳብ መስመር ተበጥሳ አገኘች። በቀጭን ሽቦ ብትበይዳት የድሮው ዜማ ቤቱን ሞላው።

እሁድ እህቷ እናታቸው ቤት ስትመጣ ሳጥኗን አስጨበጠቻት።

«ምንድን ነው? ምሳ ቋጠርሽልኝ?»

«ጌማችን ነው።»

«አትቀልጂ። የቀረውስ የታለ?»

«የቀረው ብረትና አየር ነበር።»

ሶፋው ላይ እግራቸውን አጥፈው ተጫወቱ። ድሮም አልፈውት የማያውቁት ስድስተኛው ድልድይ ላይ ሲደርሱ ተራ በተራ ወደቁ። እናታቸው ከጓዳ እጃቸውን እያደረቁ መጡና፣ «እስቲ ወዲህ በሉ» ብለው ጆይስቲኩን ተቀበሉ። ድልድዩን ዘለው፣ ሰባተኛውንም አልፈው፣ ስምንተኛውን ጨርሰው ቁጭ አሉ።

እህትማማቾቹ ተያዩ። «እማዬ፣ የት ለመድሽው?» አለች ሹፌሯ።

«እናንተ ትምህርት ቤት ስትውሉ እኔ ቤት ስጠርግ ብቻ የምውል መስሏችሁ ነበር?»

ሹፌሯ ሳጥኗን ይዛ መንገድ ወጣች። ከዚያ ወዲህ እናትየው ልጃቸው የምትመለስበትን ቀን መጠየቅ አብዝተዋል። «ናፍቃኝ ነው» ይላሉ። ታናሿ ግን ሁለተኛ አሮጌ ማጫወቻ አግኝታ መፍታት ጀምራለች።